ፍሬን ሲያዝ የሚንቀጠቀጠው ማን ነው?

ፀጉር አስተካካዩ መኪናው ፍሬን ሲያዝ እንደምትንቀጠቀጥ ለሰው መናገሩ የመጀመሪያው ስህተቱ ነበር። ሁለተኛው ስህተቱ ደግሞ የተናገረው ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ደንበኛ መሆኑ ነው። ፀጉር ቤት ውስጥ የተወራ ችግር የአንድ ሰው ሆኖ አይቀርም፤ እንደ ጋዜጣው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ግማሽ ፊቱ አረፋ የለበሰው ደንበኛ ምላጩ ጉሮሮው ላይ መሆኑን ረስቶ ቀና አለና፣

«ዲስኩ ነው!» አለ።

«ኧረ ባላንስ ነው» አለ ተራ የሚጠብቀው።

«ባላንስ ቢሆን ፍሬን ሳይዝም ትንቀጠቀጥ ነበር። የሞተሩ መቀመጫ ነው» አለ ሦስተኛው፣ ጋዜጣውን ከፊቱ ሳያወርድ። ይህ ሰው በሕይወቱ መኪና ኖሮት አያውቅም። አስተያየቱ ግን ሁልጊዜ ነዳጁ ሙሉ ነው።

«ለመሆኑ የት ላይ ነው የሚሰማህ? መሪው ላይ ነው እግርህ ላይ?» አለ ተራ የሚጠብቀው።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አየር ላይ አንጠልጥሎ አሰበ። «መጀመሪያ እግሬ ላይ። ቀጥሎ መሪው ላይ። ከዚያ ጥርሴ ላይ።»

ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ ዓይኑን ወደ ምላጩ ላከ። «እጅህ ላይስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እጅህ ላይ አይሰማህም አይደል?»

ነገሩ እንደ ቀልድ ቢጀመርም ለፀጉር አስተካካዩ ቀልድ አልነበረም። ሚስቱ ወሯ ገብቷል። መኪናዋን የገዛትም፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ለአንዲት ቀን ነው። ያቺ ቀን ስትመጣ ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ፣ አንድ እጁን መሪው ላይ፣ አንድ እጁን እጇ ላይ አድርጎ፣ ረጋ ብሎ ሆስፒታል በር ላይ ሊያቆም ነው። ይህንን ምስል በልቡ ይዞ ወራት ኖሯል። በምስሉ ውስጥ መኪናዋ ስትቆም ቅቤ ላይ እንደሚንሸራተት ቢላ ነበረች። በምስሉ ውስጥ አማቱ አልነበሩም።

አማቱ ግን ነበሩ። ባለፈው ሰንበት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ እንደ ወንፊት ስታንቀጠቅጣቸው፣ መነጽራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ጠረጉና ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ልጄ በዚህች መኪና አትሄድም።»

«አባባ፣ አሠራታለሁ እኮ።»

«አሠራት። ማን ከለከለህ? ቀኑ ሲደርስ ግን ጎረቤታችንን እንለምናለን። እሱ የሚያስተማምን መኪና አለው።»

ይኸው ነው እንግዲህ። የመጀመሪያ ልጁ በጎረቤት መኪና ወደ ዓለም ሊመጣ ነው፤ እሱ ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ ቦርሳ አቅፎ ሊቀመጥ ነው።

ስለ አማቱ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የውኃ ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የቧንቧ መጋጠሚያ ሲያጠብቁ ኖረው፣ በመጨረሻ ዓለምን በሁለት ከፍለው አስቀመጧት፤ የጠበቀና የሚያፈስ። ልጃቸው ቤት መመላለስ ከጀመሩ ወዲህ የኩሽናው ቧንቧ የሚከፈተው በሁለት እጅና በአንድ ጸሎት ነው። የዘይቱን ጠርሙስ ለመክፈት ሚስቱ ጎረቤት ትሄዳለች። ፀጉር አስተካካዩም የጥርስ ሳሙናውን ክዳን ማላቀቅ ሲያቅተው ቂጡን በሥራ መቀሱ ቆርጦ፣ ከዚያ በኩል እየጨመቀ ይቦርሻል። ይህንን ለማንም አልተናገረም። አማት ናቸው፤ ምን ይባላል?

መካኒኩን ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። ስሙን ያገኘው መኪናውን ሳይነዳ፣ ባለቤቱ ሲያወራ ብቻ ሰምቶ በሽታውን ስለሚያውቅ ነው፤ ወይም አውቃለሁ ስለሚል። ጋራዡ ውስጥ አንድ እግሩ የተሰበረ ሶፋ አለ። ባለመኪናው እዚያ ላይ ይቀመጣል፣ ጆሮ ፊት ለፊቱ ጎማ ላይ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ «ንገረኝ» ይላል። ሰው ኃጢአቱን የሚናዘዝ ነው የሚመስለው።

«በዝግታ ስነዳ ብዙም አይታወቅም» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ፈጠን ብዬ ሄጄ ፍሬን ስረግጥ ነው። ፔዳሉ ከታች ወደ ላይ ይመታኛል። ድድድድድ ይላል።»

«ድድድድድ ነው ወይስ ግድግድግድ?»

«ድ... ድድድ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል አይሠራም፣ ወንድሜ። ዲስኩ ድድድ ነው። የላላ እግር ግድግድ ነው። ለይተህ ንገረኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ግራ ተጋብቶ ሁለቱንም በአፉ ሞከራቸው። ጆሮ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና፣ «ሸራው ነው» ሲል ወሰነ። የፊት ጎማዎችን ፈታ፣ የፍሬኑን ሸራ ቀየረ፣ ጎማዎቹን መልሶ አሠረ፣ ነድቶ ሞከራት። መኪናዋ ጸጥ ብላ ቆመች። ፀጉር አስተካካዩ ወደ ቤቱ ሲመለስ በየመንገዱ ያለ ምክንያት ፍሬን እየያዘ ተደሰተ። ከኋላው የነበሩት ባለመኪኖች ግን የደስታው ተካፋይ አልሆኑም።

ቅዳሜና እሑድ አማቱ መጡ። ሰኞ ጠዋት መኪናዋ ድድድድድ አለች።

«ሸራው አዲስ ነው» አለ ጆሮ፣ እንደ ተነካ ሰው። «እንግዲያው ዲስኩ ራሱ ነው። ሞገድ ሠርቷል።» ዲስኮቹን ፈታ፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ አስላጣቸው፣ መልሶ ገጠመ። ነዳት። ጸጥ አለች። አማቱ መጡ፤ ሄዱ። ድድድድድ።

በሦስተኛው ጊዜ ጆሮ ሶፋው ላይ አላስቀመጠውም። ቆሞ ነው የሰማው። የፊት ጎማዎችን ፈታ፤ ሸራውን በጣቱ ዳሰሰ፣ ዲስኩን በብርሃን አየ፣ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ነቀነቀ። ምንም የለም። ምንም ሳይቀይር ጎማዎቹን መልሶ አሠረና ቁልፉን ተቀብሎ ወጣ። ዋናውን መንገድ ይዞ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ፈጥኖና ዘግይቶ፣ በቀስታም በድንገትም ፍሬን ይዞ ተመለሰ። ከመኪናዋ ሲወርድ ፊቱ ላይ ያለውን ነገር ፀጉር አስተካካዩ ከዚህ በፊት ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ፀጉሩን «ትንሽ ብቻ» ብሎ መስታወት ያየ ደንበኛ ፊት ላይ።

«ምንም አልነካሁም» አለ ጆሮ።

«እሺ።»

«ምንም አልቀየርኩም። መኪናዋ ግን አትንቀጠቀጥም።»

«ጠዋት ተንቀጥቅጣለች እኮ! እኔ ነኝ የነዳኋት።»

«እኔም አሁን ነዳኋት።» ጆሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ወንድሜ፣ አትቀየመኝና... እግርህን ታይተህ ታውቃለህ?»

ያን ዕለት ማታ ፀጉር አስተካካዩ ነገሩን ለሚስቱ ሲነግራት ትስቃለች ብሎ ነበር። አልሳቀችም። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ሶፋው ላይ ተመቻቸችና እንደ መርማሪ ዓይኗን አጠበበች።

«መቼ መቼ ነው የምትንቀጠቀጠው?»

«እንዳጋጣሚ ነው።»

«እንዳጋጣሚ አይደለም። አባቴ ሲመጣ ነው።»

ወደ ኋላ ሄዶ አሰበ። ልክ ናት። አባቷ በመጡ ቁጥር ነው።

«አባቴ ከሄደ በኋላም ለቀናት ትንቀጠቀጣለች። መካኒኩ ጋ ስትሄድ ይተውሃል። ለምን ይተውሃል? መካኒኩን ስለማትፈራው ነዋ!»

«አባትሽን የምፈራ ይመስልሻል?»

«አባዬ የጥርስ ሳሙናውን ገልብጦ እንዳያይ ትፈራለህ» አለች። ለካ አይታዋለች።

«እና እኔ ነኝ የምንቀጠቀጠው? መኪናዋን የማንቀጠቅጣት እኔ ነኝ?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች ሚስቱ። «አንተ ትንቀጠቀጣለህ፣ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል፣ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች። ከየት እንደሚጀምር እኔ መካኒክ አይደለሁም።»

ሰው ስለ መኪናው ሲጠራጠር መኪናውን ይፈትሻል። ስለ እግሩ ሲጠራጠር ግን የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል፤ የሚጠረጥረውም የሚጠረጠረውም በዚያው እግር ቆሞ ነውና። ፀጉር አስተካካዩ ኩሽና ገብቶ በቀኝ እግሩ ብቻ ቆመ። አልተንቀጠቀጠም። «አማቴ መጥተዋል» ብሎ ለራሱ አሰበ። ትንሽ የተንቀጠቀጠ መሰለው። ወይስ ስለ ፈለገው ነው? ማቀዝቀዣውን ያዘ። ማቀዝቀዣው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ማቀዝቀዣው ሁልጊዜም እንደዚያ ነው።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄደ። ሐኪሟ ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጋ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አፍንጫውን እንዲነካ አድርጋ፣ በመጨረሻ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች።

«ጤነኛ ነህ። ምንድነው የሚሰማህ?»

«መኪናዬ ፍሬን ስይዝ ትንቀጠቀጣለች።»

«መካኒክ ጋ ሄደሃል?»

«እሱ ነው ወደዚህ የላከኝ። ሚስቴ ደግሞ በአባቷ ፍርሃት ነው ትላለች።»

«እ...» አለች ሐኪሟ፤ ፈገግታዋን በመዶሻው ሸፈነችው። «እስቲ አማትህን አስብ።» እንደገና ጉልበቱን መታች። እግሩ ተስፈንጥሮ የቆሻሻ ቅርጫቱን ገለበጠ። ሐኪሟ ቅርጫቱን አቃንታ ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ከጻፈች በኋላ «ይህም ጤነኛ ነው» አለች፤ ግን ድምፅዋ ሙሉ አልነበረም።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደርሷል። የሞተሩን መቀመጫ የጠረጠረው ሰው ጋዜጣውን ለመጀመሪያ ጊዜ አውርዶ «ነርቭ ነው፤ እኔ መጀመሪያውኑ ብያለሁ» አለ። ጢሙን ሁልጊዜ በምላጭ የሚላጨው ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንገቱን በእጁ እየከለለ፣ «ዛሬ በማሽን ብቻ ይሁንልኝ» አለው። ሌላው ከበሩ ራሱን ብቅ አድርጎ አየና «ቆይቼ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። የማይመለስ ሰው አካሄድ ነበር የሄደው።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ሞተ፤ ምላጭ የሚፈልግ ደግሞ ጠፍቷል። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ ምሳ ሊበላ በእግሩ ወደ ቤቱ አዘገመ። እግሩን ለማመን ሲል ነበር በእግሩ መሄድ የጀመረው፤ መኪናዋ ከቤቱ ፊት ለፊት ከግንቡ ሥር ቆማለች። ማዕዘኑን ሊዞር ሲል የሰው ድምፅ ሰማና ቆመ።

«ያዝ!... አዎ። ጎበዝ።»

የአማቱ ድምፅ ነው። አንገቱን በግንቡ ጫፍ አሳልፎ አየ።

አማቱ ኮታቸውን አውልቀው የመኪናዋ መስታወት ላይ ሰቅለዋል። የጎማ መፍቻውን የፊት ጎማው ብሎን ላይ ሰክተውታል። የመፍቻው እጀታ አጭር ሆኖባቸው መሰለኝ፣ ቁመቱ የእሳቸውን የሚያህል የውኃ ቧንቧ በላዩ አጥልቀዋል። ቧንቧው ጫፍ ላይ ሁለት እጃቸውን አሳርፈው፣ ከዚያ ደረታቸውን፣ ከዚያ መላ ሰውነታቸውን ጫኑበት። እግራቸው ከመሬት ተነሣ። ሽማግሌው አየር ላይ ተንጠልጥለው ትንሽ ተወዛወዙ። ብሎኑ እንደ በር ማጠፊያ ሲጢጥ አለ።

«ያዝ። አንተ ደግሞ...» ወደሚቀጥለው ብሎን ዞሩ። «አንተን አውቅሃለሁ። አንተ ነህ ሁልጊዜ የምትላላው። ባጠበቅኩህ ሳምንቱ ላልተህ ትጠብቀኛለህ። አታፍርም?» ተንጠለጠሉ። «የምትሸከማት ልጄን ነው። የልጄንም ልጅ ነው። ያዝ! እኔ ነግሬሃለሁ፣ ያዝ!»

የመጨረሻው ብሎን ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው አልቆ ነበር። እሱን እንደ ነገሩ አጠበቁትና በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ «አንተስ ታማኝ ነህ» እንደ ማለት። ከዚያ ጎማው ላይ ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሊል ፈለገ፤ እግሩ ግን ወደ ኋላ ሄደ። ምን ይበል? «አባባ፣ ያዝኩዎት» ይበል? ሌባ ናቸው እንዴ? ቧንቧውን ገና በእጃቸው እንደያዙ እሱ ብቅ ቢል ሽማግሌው ምን ይሆናሉ? ደግሞስ ያየው ነገር ምንድን ነው? ሰው ብሎን አጠበቀ፤ ብሎን ይጠበቃል። ከመንቀጥቀጡ ጋር ምን አገናኘው? ልቡ አንድ ነገር እያለው ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አልሰማውም። ልብ የሚሰማ ሰው አንድ ብቻ ያውቃል። ምሳውን ትቶ ወደ ጋራዡ ተጣደፈ።

ጆሮ ከአንድ መኪና ሥር ተኝቶ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ያየውን ለሁለት እግሮች ነገራቸው። ሲጨርስ እግሮቹ ጸጥ አሉ። ከዚያ ጆሮ በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣ፤ ፊቱ ጥቁር ዘይት ነው።

«ቧንቧ?»

«ይህን የሚያህል።»

«አጥልቀው?»

«ተንጠልጥለው።»

ጆሮ ተነሥቶ ሶፋው ላይ፣ የባለመኪና ቦታ ላይ፣ ዘፍ አለ። መሳቅ ይሁን ማልቀስ የፈለገው አልለየለትም።

«ስማኝ። ዲስኩን እንደ ሳህን አስበው። በጎማውና በመኪናዋ አካል መሃል ተጣብቆ የተያዘ ሳህን። ብሎኖቹን እኩል ካሠርካቸው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። አንዱን አንቀህ ሌላውን ለቀቅ ካደረግከው ይጣመማል። የተጣመመ ሳህን ሲሽከረከር ሸራው አንዴ ያገኘዋል፣ አንዴ ያጣዋል። ያገኘዋል፣ ያጣዋል። ያንተ ድድድድ እሱ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛ አንገት ታየው። ፎጣውን በአንድ ጎን አጥብቀህ ስታሥር ሰውየው ሳይታወቀው ራሱን ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ ቀጥ አድርገህ የቆረጥከው ፀጉር ሁሉ ጠማማ ይወጣል። «ታዲያ ስትሠራት ለምን ይሻላት ነበር?»

«ጎማውን ስለምፈታው! ሸራ ብቀይር፣ ዲስክ ባስልጥ፣ ምንም ባልሠራ፣ ጎማውን ፈትቼ መልሼ እኩል አሥራለሁ። የዳነችው በዚያ ነበር። እኔ ግን በሸራዬ መስሎኝ...» ጆሮ ግንባሩን በዘይታም እጁ መታ።

«ብሎኖቹን ስትፈታ እንደዚያ ጠብቀው ምንም አልመሰለህም?»

ጆሮ ወደ ጣሪያው አየ። ወደ መፍቻዎቹ አየ።

«መስሎኛል» አለ በመጨረሻ። «መፍቻው ላይ በሁለት እግሬ ቆሜ ነበር የምፈታቸው። እና... 'አይ የኔ እጅ! ምን ዓይነት አስተሳሰር ነው!' እያልኩ እኮራ ነበር።»

ከሁለቱ አንዱ ሳቀ፤ ማን እንደጀመረ አልታወቀም። ሳቃቸው ሳያባራ የፀጉር አስተካካዩ ስልክ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

«ጀመረኝ» አለች። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «አባዬ ጎረቤት ሊጠራ ሄዷል። የት ነህ?»

«ጆሮ ጋ።»

«ምን ትሠራለህ ጆሮ ጋ? መኪናዋ እዚህ፣ አንተ እዚያ! ና በቃ!»

ጆሮ ትምህርቱን ከኋላው እየጮኸ ነበር የጨረሰው። «በክሪክ አንሣው! አላልተህ መልሰህ እሠር! ተርታውን አይደለም፣ አንዱን ከሠርክ በኋላ ፊት ለፊቱ ያለውን! በእጅህ ብቻ! ቧንቧ እንዳታስነካ!»

ግቢው በር ላይ ሲደርስ ሚስቱ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቦርሳው ከጎኗ፣ በላዩ ደግሞ አማቱ የሞሉት የውኃ ኮዳ። አማቱ ከጎረቤት በር እየተመለሱ ነው፤ ፊታቸው ተለዋውጧል።

«የለም» አሉ። «መኪናውን ይዞ ወጥቷል። ታክሲ እንጥራ።»

«አባባ፣ እኔ አደርሳታለሁ።»

«በምኑ? በዚያ ወንፊት? ልጄ፣ ያቺ መኪና እንኳን ምጥ ያለባትን ሴት እኔን አንቀጥቅጣ ልታስወልደኝ ነበር!»

ሚስቱ «አባዬ!» አለች፣ ሕመሙና ሳቁ አንድ ላይ መጡባትና ሆዷን ያዘች።

ፀጉር አስተካካዩ አሁን መናገር አለበት። ጉልበቱን ያዳመጠው ግን ከመናገሩ በፊት ነው፤ አልተንቀጠቀጠም። ወደ አማቱ ጠጋ ብሎ፣ ለእሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«አባባ፣ የፊት ጎማዎቹን ብሎኖች ያላሉልኝ» አለ።

ሽማግሌው አላዩትም። ኮታቸውን አዩ። መስታወቱ ላይ ተሰቅሎ የቀረውን ኮታቸውን።

«አየኸኝ?»

«ቅድም ነው ያየሁዎት።»

«ላልተው ስለማገኛቸው ነው» አሉ አማቱ፤ ድምፃቸው የተማሪ ድምፅ ሆነ። «በመጣሁ ቁጥር ላልተው አገኛቸዋለሁ። የምትንቀጠቀጠው በእሱ ነው ብዬ... ለአንተ ብነግርህ ደግሞ ባለመኪና ነህ፣ ብሎን እንኳ አያጠብቅም አሉኝ ብለህ ታፍራለህ ብዬ ነው። ዝም ብዬ ሳጠብቅልህ ነበር።»

«መካኒኩ ነበር ያሠራቸው። እኩል አሥሮ።»

«ያ ልል ነገር? ያ ነው ማሠር?»

«ያ ነው አባባ። ለመኪና ልኩ እሱ ነው። ሲበዛ ይጣመማል።»

አማቱ ይህንን ማመን ምን ያህል እንደከበዳቸው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሲበዛ የሚጣመም ነገር አልነበራቸውም፤ ሲያንስ የሚያፈስ እንጂ። ከደረጃው ላይ «ወንዶች! አሁን ጎማ ልትቀይሩ ነው?» የሚል ጩኸት መጣ።

«ትንሽ ማስተካከያ ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ማላላቱ ቧንቧውንና ሁለቱን ሰዎች አንድ ላይ ጠየቀ። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቧንቧው ላይ ተንጠለጠሉ። ብሎኖቹ አንድ በአንድ ሲጢጥ እያሉ ለቀቁ። ጎማውን በክሪክ አነሡት፤ ከዚያ ለማሠር ጊዜው ሲደርስ አማቱ ቧንቧውን ከመፍቻው ላይ ለማውጣት እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ፀጉር አስተካካዩ አልነጠቃቸውም። ቆሞ ጠበቀ። ሚስቱ ከኋላ ትተነፍሳለች። በመጨረሻ ሽማግሌው ቧንቧውን ሳብ አድርገው አወጡት፣ ግንቡ ላይ አቆሙት፣ አጭሩን መፍቻ ለአማቻቸው ሰጡት።

«አንተ እሠር» አሉ። «እኔ ካሠርኩት አላቆምም።»

በእጁ ብቻ አሠረ። አንዱን፣ ፊት ለፊቱን፤ አንዱን፣ ፊት ለፊቱን። በእያንዳንዱ ላይ አማቱ ከኋላው «ትንሽ... ትንሽ ብቻ...» እያሉ ያቃስቱ ነበር፤ ምጡ የማን እንደሆነ ለጊዜው ግራ ያጋባ ነበር። ሁለተኛውንም ጎማ እንዲሁ።

በመንገድ ላይ ሁሉም የሚጠብቀው ያንን ቁልቁለት ነው። ሚስቱ እጀታውን ይዛለች፣ አማቱ መነጽራቸውን አስቀድመው አውልቀው ኪሳቸው ከተዋል። ከቁልቁለቱ ግርጌ መብራቱ ቀይ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ፍሬኑን ያዘ።

መኪናዋ ቆመች። ምንም አልሆነችም፤ ቆመች ብቻ።

ሁሉም ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው። «ምን አደረግከው?» አለች ሚስቱ።

«ብሎኑን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ» አሉ አማቱ ከኋላ፣ ሳይጠየቁ። «የምትንቀጠቀጠው በእኔ ነበር።»

«አውቃለሁ አባዬ፣ የጥርስ ሳሙናውንም...» ከማለቷ ምጡ መጣባት፤ የቀረውን ዓረፍተ ነገር በባሏ ክንድ ላይ በጥፍሯ ጻፈችው። ቀና ስትል «ውኃ» አለች። አማቱ ኮዳውን አንሥተው ክዳኑን ያዙ። ታገሉ። ፀጉር አስተካካዩ በመስታወት አያቸው። ታገሉ፤ ፊታቸው ቀላ። ኮዳው አልተከፈተም። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሶቹ ሚስቱን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀበሏት። ዘበኛው መጥቶ ጣሪያውን አንኳኳ፤ «ሾፌሩ ማን ነው? እዚህ አይቆምም!»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ሚስቱ አየ፣ ወደ መኪናው አየ። አማቱ እጃቸውን ዘረጉ።

«ሾፌሩ እሱ ነው» አሉ ለዘበኛው። «አሁን ግን ሥራ አለበት። ቁልፉን ስጠኝ፤ የመሥሪያ ቤቱን ፒካፕ የነዳሁ ሰው ነኝ።»

ቁልፉን ሰጣቸው። ኮዳውን ተቀብሎ ሚስቱን ተከትሎ ሮጠ። መጠበቂያው ክፍል አጠገብ አንዲት ነርስ ኮዳውን ሞከረች፣ ሌላ ሰው አስጠራች፤ ያም ሞከረ፣ ለሦስተኛ አቀበለ። ፀጉር አስተካካዩ እስኪከፍቱለት ድረስ መስኮቱ አጠገብ ቆመ። ከታች መኪና ማቆሚያው ይታያል። አማቱ መኪናዋን በሥርዓት አቁመው ወርደዋል። ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ፣ ቆሙ፣ ተመለሱ። ከፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ግራና ቀኝ አዩ። እጃቸውን ወደ ብሎኑ ዘረጉ፤ በሁለት ጣት ብቻ ነካ አደረጉት፣ ለማዞር ሳይሆን መኖሩን ለማየት።

ከዚያ ተነሡ፣ ሁለት እጃቸውን ከጀርባቸው አጥብቀው ያዙና ወደ ሆስፒታሉ በር መጡ።